ከጎማው ሥር ያለው ሣር

አንድ አውሮፕላን አሳንሶ የሚሠራ ሰው ነበር። ስሙ ዘርጋው ይባላል። የሚኖረው የአየር ኃይል ጣቢያ ባለበት ከተማ ነው፤ ሆኖም እውነተኞቹ አውሮፕላኖች ጣሪያውን እያንቀጠቀጡ ሲያልፉ ቀና ብሎ እንኳ አያያቸውም። ልቡን የሰረቀው ከሰማንያ ዓመት በፊት የተሠራ አንድ የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላን ነበር። እሱንም ቢሆን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። የሚያውቀው አንድ መጽሐፍ ውስጥ ካለ ፎቶግራፍ ነው።

ይህን አውሮፕላን ከስንዝር ትንሽ በሚበልጥ ቁመት ለመሥራት ሦስት ዓመት ፈጀበት። ፎቶግራፉን በማጉያ መነጽር እያየ በክንፉ ላይ ያሉትን ምስማሮች አንድ በአንድ ቆጠረ። የአብራሪውን ቀበቶ የሠራው ሲጋራ ፓኬት ውስጥ ካለው ብልጭልጭ ወረቀት ነው። እሱ ስለማያጨስ የሚያጨስ ጎረቤት ሁሉ ባዶ ፓኬት ያመጣለት ነበር።

በከተማው የባህል አዳራሽ በየዓመቱ የእጅ ሥራ ውድድር ይደረጋል። አንደኛ የወጣው ሥራ በመግቢያው ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል። ዘርጋው ከዚያ ሣጥን በቀር ሌላ ምኞት አልነበረውም። ሌሎች ትናንሽ አውሮፕላኖች ይዞ አምስት ጊዜ ተወዳድሮ አምስት ጊዜ ወድቋል። ዳኛው፣ የሥዕል አስተማሪ የነበሩት መምህር ልሳኑ፣ ሁልጊዜ አንድ ስሕተት አያጡበትም። ባለፈው ዓመት «ጎማው ከልኩ ሁለት ሚሊሜትር ይሰፋል» ብለው መለሱት። ዘንድሮ ግን አንዲት ስሕተት እንዳይገኝበት ምሎ ነበር።

በፎቶግራፉ ላይ የአውሮፕላኑ አረንጓዴ ቀለም ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ተላጦ ከሥሩ ብረቱ ይታያል። ዘርጋው ይህን የሚያስመስልበት ዘዴ ነበረው። መጀመሪያ አውሮፕላኑን ብርማ ቀለም ይቀባና በላዩ ጨው ይነሰንሳል። ከዚያ አረንጓዴውን ይነፋበታል። ሲደርቅ ጨውን በጣቱ ሲያራግፈው፣ ጨው የነበረበት ቦታ ሁሉ ብርማ ሆኖ ይቀርና ቀለሙ የተላጠ ይመስላል። ዘዴው ግሩም ነው። ችግሩ ጨው የሚወሰደው ከሚስቱ ከብርነሽ ጓዳ መሆኑ ነው። አንዱ ሙከራ ሲበላሽ ሌላ እየጀመረ፣ ብርነሽ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ጋሽ ወልደየስ ቤት ለጨው ሄደች።

ጋሽ ወልደየስ በሰፈሩ የሚታወቁት በቁጣቸው ነው። በራቸው ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ይገላምጣሉ። ኳስ የቆርቆሮ አጥራቸውን ከነካማ አለቀ። ዘርጋው አሥር ዓመት ጎረቤታቸው ሲሆን «እንዴት አደሩ» ብሎ ከማለፍ በቀር አንድም ቀን ቆሞ አነጋግሯቸው አያውቅም። በሦስተኛው ጨው ግን ሽማግሌው ራሳቸው ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ምን ጉድ ነው? ቋንጣ ነው የምትዘለዝሉት?» አሏት ብርነሽን።

«ኧረ ጋሽዬ፣ አውሮፕላን ነው የሚበላው» አለች እየሳቀች። ይዛቸውም ወደ ባሏ ክፍል ገባች።

ጋሽ ወልደየስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሲያዩ ቀጥ አሉ። ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጎንበስ ብለው አውሮፕላኑን ዙሪያውን ቃኙት። ዘርጋው ምስጋናውን ለመቀበል ተዘጋጀ።

«ይህን አውሮፕላን የሚንከባከበው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኛ ጋሼ። ሌላ ሰው አይነካውም።»

«አንተን አላልኩም። መካኒኩ የት ሄዶ ነው እንዲህ የሆነው?»

ዘርጋው ግራ ገባው። መጽሐፉን ገልጦ ሰጣቸው። «ይኸው በፎቶው ላይም እንዲህ ነው። የተላጠውን ቦታ ሁሉ ለክቼ ነው የሠራሁት።»

ሽማግሌው ማጉያውን ተቀበሉ። ክንፉ ላይ አላሳረፉትም፤ ወደ ታች ወደ ጎማው ወሰዱትና «ይህ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁት።

«ሣር ነው።»

«የት ድረስ በቅሏል?»

«እስከ ጎማው ወገብ።»

«ጎማውስ?»

ጎማው ተንፍሶ መሬት ላይ ተኝቷል። ዘርጋው ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ፎቶግራፍ ሲያይ ሣሩን ልብ ያለው ገና ያን ዕለት ነው።

«እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የአውሮፕላን መካኒክ ነበርኩ» አሉ ጋሽ ወልደየስ። «የሚበር አውሮፕላን ከሥሩ ሣር አይበቅልም። ይህ ፎቶ የተነሣው ጦርነቱ አልቆ፣ ሰዎቹ ሄደው፣ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ከከረመ በኋላ ነው። አንተ የሠራኸው ተጥሎ የቀረበትን ቀን ነው።»

ዘርጋው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ውድድሩ ሊደርስ ስድስት ቀን ብቻ ቀርቶታል። «ታዲያ ቀለሙ አይላጥም ነበር?» አለ በደከመ ድምፅ።

«ይላጣል እንጂ። አብራሪው ሲወጣ በሚረግጥበት፣ ክንፉ ከአካሉ በሚጋጠምበት ቦታ ይላጣል። ጠዋት ጠዋት የሞተሩን ክዳን በምንከፍትበት ጠርዝ ይላጣል። ሰው የሚነካው ቦታ ሁሉ ይላጣል። የቀረውን ግን በጨርቅ ስንወለውለው ነው የምንውለው። ጃፓንም ቢሆን መካኒክ መካኒክ ነው።»

ከዚያ በኋላ ጋሽ ወልደየስን ማን ያስቁማቸው! አብራሪዎቹ የእሳቸውን «ይሂድ» ሳይሰሙ እንደማይነሡ፣ በእጃቸው ያለፈ አንድም አውሮፕላን ከመንገድ ቀርቶ እንደማያውቅ አወሩ። ከወሬውም ብዛት ወዲያ ወዲህ ሲሉ ምርኩዛቸውን ረሱት። ብርነሽ አፏን ይዛ ትሰማለች። ዘርጋው ደግሞ አሥር ዓመት ሙሉ በእኚህ ሰው በር እያለፈ መኖሩ አሳፈረው።

በማግስቱ ቀለሙን በሙሉ አጥቦ እንደገና ጀመረ። ጋሽ ወልደየስ የፕላስቲክ ወንበራቸውን ወደ ክፍሉ አዛውረው፣ ጠዋት መጥተው ማታ እስኪሄዱ ሲቆጡት ሰነበቱ። «እዚያ ጋ አታላጠው። ማን ረግጦት ነው?» ይሉታል። ዘርጋው በዕድሜው እንደዚያ ሳምንት ተቆጥተውትም፣ ደስ ብሎትም አያውቅም። የብርነሽም ጨው በሰላም አደረ።

የውድድሩ ዕለት መምህር ልሳኑ ያንኑ መጽሐፍና ማጉያ መነጽር ይዘው መጡ። አውሮፕላኑን አዩ፣ ፎቶግራፉን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ድካምህን አደንቃለሁ» አሉ። «ነገር ግን ፎቶው ላይ ቀለሙ ሁሉ ተላጧል። ያንተ ከሁለት ቦታ በቀር ንጹሕ ነው። ይህ ትክክል አይደለም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘርጋው ይከራከር ነበር። አሁን ግን «መምህር፣ እባክዎ ማጉያውን ፎቶው ላይ ትንሽ ወደ ታች ዝቅ ያድርጉት» አለ።

መምህር ልሳኑ ዝቅ አደረጉት። ሣሩንና የተነፈሰውን ጎማ አዩ። ቀጥሎ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ለካ እየሳቁ ኖሯል። «ስንቱን ሰው ነው በእንዲህ ያለ ፎቶ የጣልኩት!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ለመሆኑ ይህን ማን አሳየህ?»

ዘርጋው ወደ ኋላ ዞሮ ጋሽ ወልደየስን ጠራቸው። በተተኮሰ ሙሉ ልብስ ከሕዝቡ መካከል ወጡ። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መሐረባቸውን አውጥተው መምህሩ በክንፉ ላይ የተዉትን የጣት አሻራ መወልወል ነበር።

አውሮፕላኑ የመስታወቱ ሣጥን ውስጥ ገባ። ዘርጋው ከአጠገቡ ሌላ ፎቶግራፍ አስቀመጠ፤ እጅጌውን ሰብስቦ የእውነተኛ አውሮፕላን ክንፍ ላይ የተቀመጠ፣ እስከ ድዱ የሚስቅ ወጣት ያለበት ነው። የሰፈሩ ሰዎች እየመጡ «ይህ ሳቂታ ልጅ ማነው?» ይላሉ። ጋሽ ወልደየስ መሆናቸው ሲነገራቸው አያምኑም። ከዚያ ወዲህ በጋሽ ወልደየስ በር በጥድፊያ የሚያልፍ ሰው የለም፤ ቆሞ ሳያጫውታቸው አይሄድም። ኳስ አጥራቸውን ሲነካ መቆጣቱን ግን አልተዉም።

ወዳጆቼ፣ ሁላችንም የሰው ፎቶግራፍ በልባችን ይዘን እንዞራለን። አባታችንን በታመመበት ዓመት፣ ጓደኛችንን በተጣላንበት ቀን፣ ራሳችንንም በወደቅንበት ሰዓት አንሥተን አስቀምጠናል። ፎቶው አይዋሽም፤ ጠባሳው ሁሉ በቦታው ነው። ነገር ግን ሰውየው ያ አንድ ቀን ብቻ አይደለም። የሠራበት፣ የሳቀበት፣ ሰው የተማመነበት ብዙ ቀን አለው፤ እሱን ለማወቅ ግን ቀርቦ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እናንተስ፣ ሣሩን ሳታዩ ይዛችሁት የምትዞሩት የማንን ፎቶ ነው?