በግማሽ ፊት የተሣለችው ሚስት

አንድ ይመኑ የሚባል ሰው በስተርጅና የዘይት ቀለም ሥዕል ልማር ብሎ ተነሣ። ምኞቱ በሕይወት ሳሉ ለሚስቱ ለሐረገወይን መልኳን ሠርቶ መስጠት ነበር።

መምህሩ ከባሕር ማዶ የመጣ የጥንት ሥዕል አውጥቶ ሰጠው። አንዲት ባለ ረጅም አንገት እመቤት ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ተቀምጣለች፤ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። «ይህን በደንብ ሳትቀዳ ሕያው ሰው እንዳትሥል» አለው።

ይመኑ ቀዳ። አፍንጫዋን ብቻ ሲቀዳ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። የተልባ ዘይቱ ሽታ ከወንዝ ማዶ ያሉትን ፍየሎች ያስነጥስ ነበር። ሐረገወይንም «ያቺ ጣውንቴ ዛሬስ ምን አለችህ?» እያለች ትቀልድበታለች። በመጨረሻ ቅጂውን ከዋናው ጎን ቢያቆመው፣ ዝንቦች እንኳ የትኛው ላይ እንደሚያርፉ ግራ ገባቸው። አጋነንክ የሚለኝ ዝንቦቹን ይጠይቅ።

ያን ጊዜ ሚስቱን ልክ እንደ እመቤቲቱ ወደ ጎን አዙሮ ሣላት። የሐረገወይን ግራ ዓይን በሕመም ከነጣ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ስለዚህ ደህናው ዓይን የሚታይበትን ወገን መረጠ። ሲጨርስ ገለጠላት።

ሐረገወይን ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብላ አየችው።

«አንተ፣ ምን በደልሁህ?» አለችው። «ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በግማሽ ፊት፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣንና ይሁዳ አይደሉም እንዴ? ከነሱ ጋር ደባለቅኸኝ?»

«ኧረ በስመ አብ! የጥንቱ ሥዕል እንዲያ ስለሆነ እኮ ነው…»

«ስለሱ ነው? ወይስ በዚህ ዓይኔ አፍረህ?»

ይመኑ አንገቱን ደፋ። «እንዳይከፋሽ ብዬ ነው የደበቅሁት፣ ሐረግዬ።»

የነጣውን ዓይኗን በጣቷ ነካ አደረገች። «ይኼ ዓይን ብርሃኑ የጠፋው አንተ ገና ጎረምሳ ሳለህ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ መልክ አላየም። በደህናው ዓይኔ ሽበትህን አያለሁ፤ በዚህኛው ግን እስከ ዛሬ አላረጀህም። እሱን ነው የደበቅኸው?»

ይመኑ አለቀሰ። እንባው የብሩሽ ማጠቢያውን ቆርቆሮ ሞላ፤ እሺ፣ ግማሹን ይሁን። ከዚያ ወንበሯን ወደ ራሱ አዞረ። ጥላና ብርሃኑን፣ ቀለም በቀለም ላይ መደረቡን እጁ ከእመቤቲቱ ተምሯል። የነጣውን ዓይን ግን ከሐረገወይን ፊት በቀር የሚቀዳበት አልነበረውም። እያየ፣ እየፋቀ፣ እንደገና እያየ ሣለው።

እሷም አይታ «ይኸው፣ አሁን መጣሁ» አለች።

ወዳጆቼ፣ ከታላላቆች ሥራ መቅዳት እጅን ያስተምራል፤ ነውር የለውም። የምንወደውን ሰው ግን ከሌላ ሰው መልክ ልንቀዳው አንችልም። ጉድለቱን ሸፍነን ስንወደው ደግነት የሠራን ይመስለናል፤ እሱ ግን ግማሹ ውጭ እንደቀረ ያውቃል። እርስዎስ፣ ቤትዎ ያለውን ሰው በየትኛው ወገን አዙረው ነው ያስቀመጡት?