ቁልቁል የተሰቀለችው ጽጌረዳ

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንዱ ሌላውን አይጎንትል። ድሮ ነው ይህ የሆነው፤ እንስራም ሣጥንም አፍ አውጥተው ሰው በሚመክሩበት ዘመን።

ደብሪቱ የምትባል ልጅ ነበረች። በተዳረች ቀን እናቷ ወይዘሮ የውብዳር ከጓሮዋ ሰባት ቀይ ጽጌረዳ ቀጠፈች። አንድ ዘለላ አሪቲ ጨመረችበት። ራሷ በፈተለችው ክር አሰረችና ለልጇ አስታቀፈቻት።

«ደብሪትዬ» አለቻት፤ «የመጀመሪያ ልጅሽ ክርስትና ሲነሳ ከዚህ እቅፍ አንዷን አበባ ሕፃኑን ከታቀፍሽበት ነጠላ ጋር አስሪልኝ። ሳሌ እየባሰ ነው። እኔ ያን ቀን ባልደርስ እንኳ አበባዬ ትድረስልኝ።»

«ኧረ እማ፣ እንዲህ አትበይ!»

«እሱ ያውቃል። አንቺ ብቻ አበባዋን ጠብቂ።»

ደብሪቱ እሺ አለች። በበቅሎ ሆና የባሏ ቤት ገባች።

ገና እንደገባች እንስራው ጠራት። «ሙሽሪት! አበባ ያለ ውሃ ይኖራል እንዴ? ወዲህ አምጫቸው፣ እኔ ጋ ይጠጡ።»

ደብሪቱ እውነት መሰላት። አበቦቹን በእንስራው አፍ ከተተቻቸው። አንድ ቀን አማረባቸው። ሁለት ቀን አማረባቸው። በሦስተኛው ቀን ውሃው ሸተተ፣ ሁለት ጽጌረዳዎችም ረገፉ።

«ምን አደረግህብኝ?» አለችው።

«እኔ የማውቀው ለዛሬ ነው» አለ እንስራው። «ለከርሞማ ሌላ ጠይቂ።»

ጥግ ላይ የተቀመጠው ሣጥን ሳቀ። «ድሮስ ከሸክላ ምን ምክር ይገኛል! እኔ የአማትሽን ቀሚስ ሃያ ዓመት የጠበቅሁ ነኝ። ክተቻቸውና ክደኚኝ። ሌባ አያያቸው፣ አይጥ አይደፍራቸው።»

ደብሪቱ እቅፉን እንደ ረጠበ ከታ ክዳኑን ገጠመች። በሦስተኛው ቀን ብትከፍተው ሻጋታው የተባዘተ ጥጥ መስሎ ጠበቃት። ሦስት ጽጌረዳዎች ተበላሹ።

«ቀሚስ እኮ ደርቆ ነው እኔ ውስጥ የሚገባው» አለ ሣጥኑ ተቆጥቶ። «ርጥብ ነገር ክተቺ ያለሽ ማነው?»

«አንተ ነሃ!»

«እንግዲህ እኔ አላስታውስም» አለና ክዳኑን ድርግም አደረገው።

ሁለት ብቻ ቀሩ፤ ትልቋ ጽጌረዳና አንዲት ታናሽ እኅቷ። ደብሪቱ ይዛቸው ደጅ ወጣች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ፀሐይ ከላይ አየቻትና፣ «ምን ያስለቅስሻል? ገብሱን የማደርቅ እኔ፣ በርበሬውን የማደርቅ እኔ። አስጪልኝ» አለቻት።

ሰፌድ ላይ አሰጣቻቸው። ቀትር ሲሆን የታናሺቱ ቀይ መልክ አመድ መሰለ። ከአጥሩ ጥግ ሆና ስታይ የዋለች ፍየልም ቀስ እያለች ቀረበች።

«እሜቴ ፍየል፣ ወዴት ነው?» አለች ትልቋ ጽጌረዳ።

«ሰፌድ ላይ የተሰጣ ምሳ አይቼ ነው።»

«ምሳ አይደለንም! የሙሽራ አበባ ነን!»

«ግድ የለም፣ እኔ ዘር አልቆጥርም» አለችና ታናሺቱን ዋጥ አደረገቻት።

ደብሪቱ ዱላ ይዛ ስትደርስ የተረፈችው ትልቋ ጽጌረዳ ብቻ ነበረች፤ እሷና ያቺ የአሪቲ ዘለላ።

ይዛቸው ጓዳ ገባች። «እማን ምን እላታለሁ?» አለች ብቻዋን። ጓዳው ጨለም ያለ ነው፤ ደረቅም ነው። ማገሩ ላይ አንድ እስር በሶብላ ቁልቁል ተሰቅሏል። በመጣች ማግስት ለሽሮ ይሆናል ብላ ራሷ ደብሪቱ ናት የሰቀለችው።

«ደብሪቱ» አለች በሶብላ። «እኔን ፀሐይ ላይ ያላሰጣሽኝ ለምንድን ነው?»

«ሽታሽ እንዳይጠፋ ነዋ።»

«ሣጥን ውስጥስ ለምን አልከተትሽኝም?»

«ትሻግቻለሻ።»

«ውሃ ውስጥስ?»

«በሶብላ ውሃ ውስጥ ሲደርቅ የት አይተሻል!» አለች ደብሪቱ። ከዚያ በእጇ የያዘቻትን ጽጌረዳ አየች። ለሽሮ ቅመም የምታውቀውን ሙያ ለእናቷ አበባ አላሰበችውም። አበባዋ በጣም ስለከበረችባት ጓዳ የምትገባ አልመሰላትም ነበር።

የእናቷን ክር አነሳች። ጽጌረዳዋ ግን ጮኸች። «እኔን? እንደ ታረደ በግ ቁልቁል? የሙሽራ ደረት ላይ የዋልኩትን? ያውም ከሽሮ ቅመም ጎን?»

«እንደ ወደድሽ» አለች በሶብላ። «ግን ቆመሽ ከደረቅሽ ራስሽ ይከብድሻል። አንገትሽ ይታጠፋል፤ እንደ ታጠፈም ይደርቃል። ከዚያ ወዲያ ማንም አያቃናሽም። ቁልቁል ብትደርቂ ግን ያው የራስሽ ክብደት አንገትሽን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። አንድ ወር ታቀረቅሪያለሽ፣ ከዚያ ዕድሜሽን ሙሉ ቀና ትያለሽ።»

ጽጌረዳዋ አሰበች። ሰባት ነበሩ፤ ብቻዋን ቀርታለች።

«አንድ ወር ብቻ?»

«አንድ ወር።»

«እሺ። ብቻ ያቺ ፍየል እንዳታየኝ» አለች። ደብሪቱም ከአሪቲዋ ጋር አስራ ማገሩ ላይ ሰቀለቻት፤ አቀረቀረች።

ወይዘሮ የውብዳር እንደ ፈራችው ሆነ፤ ለፋሲካ ሳትደርስ አረፈች። ነፍሷን ይማር። በዓመቱ ደብሪቱ ሴት ልጅ ወለደች። በሰማንያኛው ቀን ልጅቷ ክርስትና ስትነሳ ጽጌረዳዋን ከነጠላው ጋር አሰረቻት። መልኳ ጠቆር ብሏል እንጂ አንገቷ ቀጥ ያለ ነበር። አብራት የታሰረችው አሪቲም ገና የወይዘሮ የውብዳርን ጓሮ ትሸት ነበር።

«ይህችስ ምንድን ናት?» አሉ ቄሱ።

«እናቴ የላከቻት ናት፣ አባ» አለች ደብሪቱ። «ደረሰች።»

ጽጌረዳዋ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሶብላን ላመስግን ብላ ወደ ማገሩ ብታይ ባዶ ነው። በሶብላማ ተወቅጣ ሽሮ ገብታለች። ዕለቱ ጾም ነበርና እንግዳው ሁሉ፣ «ይህ ሽሮ ምን ቢገባበት ነው እንዲህ የጣፈጠው?» እያለ ይበላ ነበር።

እንግዲህ ልጆቼ፣ በጊዜው ዝቅ ያለ አንገቱ አይሰበርም። የከበረ ነገር ሲሰጣችሁም ሩቅ አትሂዱ፤ መጀመሪያ ጓዳችሁን ጠይቁ። ተረቴን አስረክቤያለሁ፤ እናንተ «ዕድሜ ይስጥሽ» በሉኝ፣ ይበቃኛል።