ገጽ አርባ አንድ ላይ የተጻፈው

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከአንዲት ትንሽ ፍላጎት ነው፦ የማነበው መጽሐፍ ፈለግሁ። ቀረብ በሉና ስሙኝ። መሳቅ ይፈቀዳል፤ ለትምህርት ቤቴ መንገር ግን አይፈቀድም።

ደሴ ውስጥ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ስሜ ትርንጎ ነው፤ ከተማው ግን ቲቸር ይለኛል። ሰሌዳ ፊት ካልቆምኩ በቀር ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል። ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ደግሞ ነፍሴ ነው። ማን ገደለ፣ በምን ገደለ፣ ቁልፉን የት ደበቀ የሚል መጽሐፍ እጄ ከገባ ምሳ አያምረኝም። ይህን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ብናገር ጓደኞቼ እስከ ጡረታዬ የሚስቁብኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ከመጽሐፍ አከራዩ ከጋሽ ሙሄ የምወስደውን ሁሉ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ "ለእህቴ ነው" እያልኩ ወሰድኩ።

እህት የለኝም።

ክረምት ገባ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናነበ። የቀረኝ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ያነበብኩት ብቻ ነበር። ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ጋሽ ሙሄ ሱቅ ወረድኩ።

"እህትሽ እንዴት ናት?" አሉኝ።

"ደህና ናት ጋሽ ሙሄ። አዲስ ነገር ካለ ጠይቂልኝ ብላኛለች።"

"አለ! ወላሂ፣ እሳት የሆነ መጽሐፍ! 'ባለ አንድ ጓንቱ ሰው' ይባላል።"

ጋሽ ሙሄ ወፍራም መጽሐፍ አይወዱም፤ አንድ ሰው ይዞት ይከርማል ይላሉ። ወፍራም መጽሐፍ ሲገባላቸው በምላጭ መሐል ለመሐል ይሰነጥቁታል። እያንዳንዱን ግማሽ በመርፌና በክር ይሰፉታል፤ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ይለብዱታል። ከዚያ ፊተኛው ግማሽ ለአንዱ፣ ኋለኛው ግማሽ ለሌላው።

"ፊተኛው ግማሽ የታለ?" አልኳቸው።

"ልብስ ሰፊዋ ዘሀራ ጋ ነው። እሷ ካልመለሰች ምኑን ልስጥሽ?"

ዘሀራ ካልለቀቀች ጋሽ ሙሄ አይሰጡም፤ ጋሽ ሙሄ ካልሰጡ እኔ አላነብም። ጃንጥላዬን ዘረጋሁና ወደ ዘሀራ ሄድኩ።

ዘሀራ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነበር። መጽሐፉ ከተጣጠፈ የከፋይ ጨርቅ ሥር ጫፉ ይታያል።

"ጨርሼዋለሁ" አለች፣ መርፌዋን ሳታቆም።

"ታዲያ ለምን አትመልሺውም?"

"ምን ሲደረግ! ሰውዬው በሩን ከፈተና 'አንተ!' አለ። ጋሽ ሙሄ የቆረጡት እዚያ ላይ ነው! ማንን ነው 'አንተ' ያለው? ኋለኛው ግማሽ ፎቶ አንሺው አስናቀ ጋ ነው። እሱ እጄ ሳይገባ ፊተኛውን ብለቅ ሌላ ሰው ተራዬን ይወስድብኛል። ንክች አላደርገውም!" ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "ደግነቱ ይሄን ባለ እርሳሱ አልደረሰበትም። እጁ ይሰበር!"

"አሜን" አልኩ፣ ድምፄ ቀጥኖ።

ባለ እርሳሱ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ትንሽ ልሳል። እኔ ነኝ።

ክፋት አልነበረም። መጽሐፍ ሳነብ፣ የሆነች ቦታ ላይ ስደርስ ገዳዩ ማን እንደሆነ ድንገት ይገባኛል። እንዲህ ያለ ነገር የገባው ሰው ለአንድ ሰው ካልተናገረ ያመዋል። ለማን ልናገር? ለእህቴ? ስለዚህ በገጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ፣ በትንንሽ ፊደል፣ "ገዳዩ እንትና ነው" ብዬ እጽፋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ መጽሐፉን ስመልስ አጠፋው ነበር። አንድ ቀን ረሳሁት። ሌላ ቀን የረሳሁ አስመሰልኩ። ከዚያ ወዲያ ማጥፋቱን ተውኩት፤ የማላውቀው ሰው ያንን አንብቦ "እውነትም!" ሲል እየታየኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን "እጁ ይሰበር" ነበር የሚለው።

አስናቀ ካልለቀቀ ዘሀራ አትለቅም፤ ዘሀራ ካልለቀቀች ጋሽ ሙሄ አይሰጡም፤ ጋሽ ሙሄ ካልሰጡ እኔ አላነብም። ጃንጥላዬን ዘረጋሁና ወደ አስናቀ ሄድኩ።

አስናቀ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን ፂም አብቅሎ ፎቶ ቤት ከፍቷል።

"ቲቸር! በዚህ ዝናብ? ጉርድ ፎቶ ነው?"

"አይደለም። ያ መጽሐፍ ... ኋለኛው ግማሽ ... እህቴ ..."

"ገባኝ። አልሰጥም።"

"አንብበኸው የለም እንዴ?"

"ጨርሼዋለሁ። ግን ሒሳቡን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ አንድ ወጥቶ አንድ ካልገባ ዜሮ ነው። 'የጉድጓዱ ድምፅ' የሚለውን መጽሐፍ ፊተኛውን ግማሽ አንብቤ ኋለኛውን እየጠበቅሁ ነው። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ምንትዋብ ይዛዋለች። ይኸው ሁለት ሳምንት፣ ሴትዮዋ ጉድጓድ ውስጥ ናት። እኔ ፎቶ እያነሳሁ እሷ ጉድጓድ ውስጥ! ማን የከተታት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያ ርኩስ ባለ እርሳስ 'ባሏ ነው' ብሎ ጽፎብኛል። ቢያንስ እንዴት እንደምትወጣ ልወቅ!"

"አይዞህ፣ ትወጣለች" አልኩት፤ ወዲያው ምላሴን ነከስኩ።

ሲስተር ካልለቀቀች አስናቀ አይለቅም፤ አስናቀ ካልለቀቀ ዘሀራ አትለቅም፤ ዘሀራ ካልለቀቀች ጋሽ ሙሄ አይሰጡም፤ ጋሽ ሙሄ ካልሰጡ እኔ አላነብም። ጃንጥላዬን ዘረጋሁና ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ።

ሲስተር ምንትዋብ ምሳዋን ጨርሳ እጇን እየታጠበች አገኘኋት። መሳቢያዋን ስትከፍት ከፋሻው ጎን የጋሽ ሙሄን የቀን መቁጠሪያ ልባድ አየሁት።

"ለአስናቀ ብትለቂለት" አልኳት፣ ጫማዬን እያየሁ። "ሴትዮዋ ጉድጓድ ውስጥ ናት ይላል።"

"ትቆይ! ውሃ የለበትም ጉድጓዱ።" ሳቀችና መሳቢያውን ገፋችው። "ስሚ ትርንጎ፣ እኔ ከዳኛ ይመር 'የእንጨቱ መሰላል' የሚለውን መጽሐፍ እየጠበቅሁ ነው። ተራው የኔ ነው፤ እሳቸው ከያዙት አራት ወር ሆነ። ያንን ሳልቀበል ይሄን ብሰጥ ምን ይዤ ልቀር ነው? የክትባት መመሪያ?"

"ለምን አትጠይቂያቸውም?"

"እኔ? ሠላሳ ሁለት ዓመት የፈረዱ ሰው! ከደፈርሽ አንቺ ጠይቂያቸው።"

ዳኛው ካልለቀቁ ሲስተር አትለቅም፤ ሲስተር ካልለቀቀች አስናቀ አይለቅም፤ አስናቀ ካልለቀቀ ዘሀራ አትለቅም፤ ዘሀራ ካልለቀቀች ጋሽ ሙሄ አይሰጡም፤ ጋሽ ሙሄ ካልሰጡ እኔ አላነብም። ጃንጥላዬን ዘረጋሁና ወደ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወጣሁ። "የእንጨቱ መሰላል" የሚለውን ስም የት እንደማውቀው እያሰብኩ ነበር። ዳኛው በር ላይ ስደርስ ትዝ አለኝ።

ዳኛ ይመር ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። በረንዳቸው ላይ ካፖርታቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። መጽሐፉ ፊታቸው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሁለቱም ግማሽ አንድ ላይ በቀይ ክር ታስሯል።

"ግቢ ልጄ፣ ከዝናቡ ውጪ" አሉኝ። "መጽሐፉን ፈልገሽ ከሆነ ግን አልለቀውም። ማስረጃ ነው።"

"የምን ማስረጃ?"

ክሩን ፈቱና ገጽ አርባ አንድን ገለጡ። በጠርዙ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ በኔው እጅ፦ ገዳዩ አናጺው ነው።

"ይህን የጻፈው ሰው እፊቴ ሳይቀርብ ይህ መጽሐፍ ከዚህ ቤት አይወጣም" አሉ።

ሁሉም የተናገሩት ጆሮዬ ውስጥ ሰንሰለት ሆነ። እኔ ካልተናገርኩ ዳኛው አይለቁም፤ ዳኛው ካልለቀቁ ሲስተር አትለቅም፤ ሲስተር ካልለቀቀች አስናቀ አይለቅም፤ አስናቀ ካልለቀቀ ዘሀራ አትለቅም፤ ዘሀራ ካልለቀቀች ጋሽ ሙሄ አይሰጡም፤ ጋሽ ሙሄ ካልሰጡ እኔ አላነብም። ከወዲህ ጫፍ እኔ፣ ከወዲያ ጫፍ እኔ!

ደህና ዋሉ ብዬ መውጣት እችል ነበር። ማንም አያውቅም። ክረምቱን የመጪውን ዓመት ዕቅድ እየጻፍኩ አሳልፈው ነበር። ዘሀራም "እጁ ይሰበር" ባለች ቁጥር አሜን እላለሁ። የጃንጥላዬ ውሃ በረንዳው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት ላይ፣

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። "መጨረሻውን አስቀድመሽ አይተሽ ነው?"

"በፍጹም!" ድምፄ ከፍ ስላለ ራሴው ደነገጥኩ። "መጨረሻውን አስቀድሞ የሚያይ ሰው ሌባ ነው!"

"ታዲያ እዚህ ገጽ ላይ ምን አየሽ? እኔ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እስክደርስ አናጺውን ለአፍታ አልጠረጠርኩትም። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ቃል ሰምቻለሁ። አራት ወር ሙሉ ይህን ገጽ እያነበብኩ ነው። ምን አለፈኝ?" መጽሐፉን አቀበሉኝ። መጽሐፉን ያሰሩት በቁጣ መስሎኝ ነበር። ቁጣ አልነበረም።

ጣቴን መስመሩ ላይ አደረግሁ፤ ሰሌዳ ፊት እንደቆምኩ ሁሉ አፌ ተፈታ።

"አናጺው መሰላሉን ከቶ አይቼው አላውቅም ብሏል። ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሦስት መስመር በኋላ ደግሞ ዘበኛው ጣሪያውን ለማየት በመሰላሉ ሲወጣ፣ 'ሲወርዱ አራተኛውን እንጨት ይዝለሉት' ይለዋል። ያልወጣበት ሰው አራተኛው መሰበሩን በምን ያውቃል?"

ዳኛው አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

"ደግ ሰው መስሎኝ!" አሉ በመጨረሻ። "ለዘበኛው አሰበለት ብዬ ወደድኩት እኮ! እኔ ደግነቱን ስሰማ አንቺ መሰላሉን ትቆጥሪያለሽ!" ካፖርታቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን አኮሳትረው ወንበራቸው ላይ ተስተካከሉ።

"ፍርድ" አሉ። "አንደኛ፣ መጽሐፉን ራስሽ ታደርሻለሽ፤ ስታደርሺም ጽፈሽ ያበላሸሽው አንቺ መሆንሽን ትናገሪያለሽ። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ በጠርዝ ላይ አትጽፊም፤ ያወቅሽበትን የገጽ ቁጥር ብቻ፣ ከመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይ። ሦስተኛ፣ ገዳዩን መጽሐፉን ላልጨረሰ ሰው አትናገሪም። ለጨረሰ ሰው ግን፣ ለምሳሌ ለኔ፣ እዚህ በረንዳ ላይ መጥተሽ መናገር ግዴታሽ ነው።"

"ይግባኝ አለው?"

"የለውም።"

እኔ ተናገርኩ፤ ዳኛው ለቀቁ። ለሲስተር ስናዘዝላት "አንቺ? የሰው ዓይን የማታዪው ትርንጎ?" ብላ በፋሻ ጥቅል ወረወረችኝ፤ ሲስተር ለቀቀች። አስናቀ "ቲቸር! ባሏን! እርስዎ!" ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ፤ ግን ሴትዮዋ ከጉድጓድ የምትወጣበት ግማሽ እጁ ገብቷልና አስናቀ ለቀቀ። ዘሀራ የራሷን እርግማን አስታውሳ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ እጄን ገልብጣ አየችው፤ አለመሰበሩን ስታረጋግጥ "ጣትሽን በመርፌ ብቻ ልውጋሽ" አለች፤ ሳትወጋኝ ዘሀራ ለቀቀች። ፊተኛውን ግማሽ ደረቴ ላይ አቅፌ ወደ ጋሽ ሙሄ ስደርስ ሱቃቸውን ሊዘጉ ነበር።

"ጋሽ ሙሄ፣ ባለ እርሳሱ እኔ ነኝ። እህትም የለኝም።"

"አብሽር" አሉኝ፣ ስሜን መዝገባቸው ላይ እየጻፉ። "እህት እንደሌለሽ በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያወቅሁት። መጽሐፍ ለእህቱ የሚወስድ ሰው እንዳንቺ አይሮጥም።" መጽሐፉን ሰጡኝ። "በይ ለእህትሽ ሰላም በያት።"

ጋሽ ሙሄ ሰጡ፤ እኔ አነበብኩ።

በማግስቱ ከሰዓት ገጽ ስድሳ ሦስት ላይ ስደርስ እጄ ወደ እርሳሱ ሄደ። ገባኝ! ጓንቱን የጣለው ማን እንደሆነ ገባኝ! የመጨረሻው ገጽ ግን በኋለኛው ግማሽ ነው፤ ኋለኛው ግማሽ ዘሀራ ጋ ነው፤ ዘሀራ ደግሞ ገና ገጽ መቶ ሠላሳ ላይ ናት፤ የደረሰችበትን ገጽ በየመንገዱ እየጮኸች ትነግረኛለች። እርሳሱን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ተቀመጥኩ።

ገዳዩ ማን ነው አላችሁኝ?

ሁሉንም ምስጢሬን ነግሬያችኋለሁ። ይሄን ግን አልናገርም፤ ተፈርዶብኛል።