ጀግናውን የጣለችው ቃል

አንድ ተዋናይ ነበር አሉ። ስሙ ልሳነወርቅ ይባላል። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንዲሉ፣ እውነትም አንደበቱ ወርቅ ነበር። የማንንም ሰው ድምፅ አንድ ጊዜ ከሰማ ያንኑ መልሶ ያወጣዋል። የዕድራቸውን ሊቀመንበር ሲያስመስል ሊቀመንበሩ ራሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ግን ምን ያደርጋል! አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በቴሌቪዥን የሚሰጠው ሚና በር ከፍቶ «ጌታዬ፣ እንግዳ መጥቷል» ማለት ብቻ ነበር።

በዓለም ላይ ያለችው አንዲት እህት ናት፤ የውብዳር ትባላለች። እናታቸው ስትሞት እሷ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ እሱ የአራት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ሕፃኑ «እናቴን አምጡልኝ» ብሎ እህል እንቢ አለ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ጎረቤት ለመነው፣ የነፍስ አባት ለመኑት፣ ወይ ፍንክች! በአራተኛው ቀን የውብዳር ጉርሻ ይዛ አጠገቡ ተንበረከከችና «ልሳኑዬ፣ በሞቴ!» አለችው። ሕፃን ቢሆንም ሞት ምን እንደሚያደርግ በዚያው ሳምንት አይቷል። ይህችም እንዳትሞትበት ፈርቶ አፉን ከፈተ። ከዚያ በኋላ በዚያች ቃል ነው ያደገው ብትሉ አትሳሳቱም። ትምህርት ቤት አልሄድም ሲል በሞቴ፣ መድኃኒት አልውጥም ሲል በሞቴ። የስፌት መኪና እየረገጠች አሳደገችው፣ እሷ ግን ሳታገባ ቀረች። እሱም እህትም እናትም ስለሆነችው «እታቴ» ይላታል።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ዳይሬክተር «የአገራችንን ልዕለ ጀግና በአስቂኝ ተከታታይ ድራማ አሳያለሁ» ብሎ ተነሣ። ጀግናው አይበገሬ ይባላል። ይበራል፣ አውቶቡስ በአንድ እጁ ያነሣል፣ ጥይት ቢተኩሱበት ጥይቱ ያፍራል። የድራማው ሠሪዎች ተሰብስበው «ጀግና ድክመት ከሌለው አያስቅም፤ ይህን ሰውዬ ምን ይጣለው?» ብለው ተጨነቁ። አንዱ ውኃ አለ። አንዱ እሳት አለ። ሌላው «አማቱ ትጣለው» አለና እሱም ብዙ አላሳቀ።

ልሳነወርቅ ያን ዕለት እዚያ የተጠራው ያችኑ በር እንዲከፍት ነበር። ጥግ ላይ ቆሞ ሲሰማ ቆየና የጸሐፊዋን ሻሽ ተዋሰ። እህቱ እንደምታስረው ወደ ግራ አዘንብሎ አሰረው። ከዚያ ጣቶቹን ጉርሻ እንደያዘ ሰው ሰብስቦ፣ በእህቱ ድምፅ፣ በእህቱ ዓይን፣ «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ! በሞቴ!» አለ። ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

«ይኸው ተገኘ!» አለ እንባውን እየጠረገ። «ዓለምን የሚያነሣው ጀግና በሞቴ ሲሉት እጅ ይሰጣል! አይበገሬም ራስህ ነህ!»

ልሳነወርቅ ወደ ቤቱ የሄደው እየሮጠ ነው። «እታቴ፣ ዋና ተዋናይ ሆንኩልሽ!» ሲላት እልል አለች፤ ጎረቤት ደንግጦ ወጣ። ለጀግናው ካባ ያስፈልገዋል ሲላት ደግሞ ሳጥኗን ከፈተችና ለራሷ ሠርግ ብላ ሃያ ዓመት ያስቀመጠችውን ቀይ ከፋይ አወጣች። «ለእኔ አልሆነም፤ ለአንተ ይሁንህ» ብላ ራሷ ሰፋችለት። ስለ ቃሏ ግን ምንም አልነገራትም። ድንገት አይታው ብትስቅ ይሻላል ብሎ ራሱን አታለለ።

እሑድ አመሻሽ ላይ የመጀመሪያው ክፍል ታየ። የውብዳር ጎረቤቶቿን ሰብስባ፣ ልሳነወርቅን አጠገቧ አድርጋ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አይበገሬ ቀይ ካባውን እያርገበገበ ሌባ ያባርራል። ሊይዘው አንድ ክንድ ሲቀረው ሌባው ሻሽ ያስርና ጉርሻ ይዞ በሴት ድምፅ «በሞቴ!» ይለዋል። አይበገሬ ደረቱን ይዞ «አለቀልኝ! ይህችንስ አልችላትም!» እያለ ዘጭ ይላል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ይጎርሳል፣ ሌባው ይሄዳል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የውብዳርም ከሁሉ አብልጣ ሳቀች፤ ሻሹ ወደ ግራ መዘንበሉን እስክታይ ድረስ። ከዚያ እጇ ቀስ ብሎ ወደ ራሷ ሄደ።

ጎረቤቶቹ ሲወጡ ጠየቀችው። «ልሳኑ፣ እኔ ነኝ እንዴ?»

«እታቴ ደግሞ! ቀልድ እኮ ነው።»

«ቀልድ መሆኑንማ አየሁ። እኔ ግን ስልህ ቀልድ አልነበረም።»

«በይ እንግዲህ አትቀየሚኝ፣ በሞቴ!» አላትና ጉንጯን ሳማት። ሲላት ራሱ ሳቁ አመለጠው። ያን ጊዜ እሷ አልሳቀችም።

ከዚያማ ከተማው አበደ። የታክሲ ረዳቱ «በሞቴ ጠጋ በሉ!» ይላል። በየሠርጉ አስተናጋጅ ሊያጎርስ ሲል እንግዳው ደረቱን ይዞ «አለቀልኝ!» እያለ ይንፈራገጣል። የውብዳር ገበያ ስትወጣ ጎረምሶች ከኋላዋ ሻሽ እያዘነበሉ ይከተሏታል። እሷም ቃሏን ተወች። ኩርፊያ አልነበረም፤ አፏ ላይ ስትደርስ እያፈረች ነው። እንግዳ ሲመጣ «ብሉ» ብቻ ትላለች። መቼም የአገራችን እንግዳ ካልለመኑት አይበላም፤ ሁለት ጎርሶ «ጠገብኩ» ይላል፣ እሷም ዝም ብላ ታነሣለች። ቤቷ እየቀዘቀዘ ሄደ። ልሳነወርቅ ይህን አላየም። በየመንገዱ ሰው «አይበገሬ!» ብሎ ሲጠራው፣ አርባ ዓመት ሙሉ የተራበውን እየጠገበ ነበር።

ሆኖም አንድ ቀልድ ስንት ጊዜ ያስቃል? በአምስተኛው ክፍል ሰው ፈገግ አለ፣ በስድስተኛው ጣቢያ ቀየረ። ድራማው ሊቋረጥ ነው የሚል ወሬ ተነሣ። ዳይሬክተሩ ልሳነወርቅን ጠርቶ «ሰባተኛው ክፍል ካላዳነን አለቀልን፤ ቀረጻው ላይ ነፍስህን ስጥ» አለው።

በቀረጻው ቀን ከሰዓት ልሳነወርቅ ካባውን ለብሶ በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ትልቅ ማራገቢያ ከፊቱ ይነፋበታል። ስልኩ ጠራ። እጁ ታስሮ ስለነበር ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጋ ወደ እሱ ያዘችለት። የውብዳር ናት። ደረቷን ከያዛት ሦስት ቀኗ ነው፤ ሥራውን እንዳታስፈታው ብላ አልነገረችውም ነበር።

«ልሳኑ፣ ዛሬ ናልኝ።»

«እታቴ፣ ቀረጻ ላይ ነኝ። ሲመሽ እመጣለሁ።»

«አሁን ና።»

«ኧረ ተንጠልጥያለሁ እኮ!»

ትንፋሿ በስልኩ ይሰማ ነበር። ከዚያ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያችን ቃል አወጣቻት። «ልሳኑዬ፣ በሞቴ።»

እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ካሜራ ያዡ ሳቀ፣ መብራት ያዡ ሳቀ፣ ልጅቷ ስልኩን ልትጥለው ደረሰች። ልሳነወርቅም የሰው ሳቅ ሲሰማ አይችልም፤ ደካማ ጎኑ ያቺ ነበረች። በገመዱ ላይ ተወራጨና «አለቀልኝ! ይህችንስ አልችላትም!» ብሎ ጮኸ። አጨበጨቡለት።

ከዚያ የውብዳር «እሺ የኔ ጌታ፣ ሥራህን ሥራ» አለችና ዘጋችው።

ያችን ቃል መተዋን፣ ዛሬም ለቀልድ እንዳልጠራችው፣ ለአንድ አፍታ ትዝ ሊለው ነበር። ግን ዳይሬክተሩ «አክሽን!» አለ፣ እሱም በረረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እንዲህ ላለው ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ካባውን እንኳ ሳያወልቅ ላዩ ላይ ኮት ደርቦ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። ከሩቅ ሴቶች በር ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። እግሩ እዚያው ቀረ። ጎረቤቷ እማማ ዘርጊቱ «በር በሩን እያየች ነው የሄደችው» አሉ። ውስጥ ጠረጴዛው ላይ በሳህን የተከደነ ምግብ ነበር። ታማም ቢሆን ሠርታ የከደነችው ለእሱ ነው። ልሳነወርቅ መሬት ላይ ወድቆ «እታቴ! እታቴ!» እያለ አለቀሰ፤ ቀዩ ካባ ከኮቱ ሥር ወጥቶ አቧራው ላይ ተጎተተ።

በማግሥቱ፣ በቀብሯ ዕለት፣ ጣቢያው ድራማው መቋረጡን አስታወቀ። እህቱን ጥሎ የሠራው ሰባተኛው ክፍል ሳይታይ ቀረ። ተከታታይ ይሉታል እንግዲህ! ሁለት ወር እንኳ ሳይከታተል ሞተ።

በድንኳኑ ውስጥ ልሳነወርቅ እህል እንቢ አለ። ልክ እንደዚያን ጊዜው። ጎረቤት ወጉን አላጓደለም፤ ወጥና እንጀራ ከየቤቱ መጣ። እማማ ዘርጊቱ ጉርሻ ጠቅልለው ጠጋ አሉና «ልሳኑዬ፣ በሞ...» ከማለታቸው ከድንኳኑ ጥግ ሁለት ጎረምሶች ሳቃቸውን ሊያፍኑ ሲሞክሩ አፈነዱት። እማማ ደነገጡ። አፍረውም ጉርሻውን መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩት። ከዚያ ወዲያ የሞከረ የለም። «ብላ እንጂ» ይሉታል ከሩቁ፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፤ ያልፉታል። ሐዘንተኛን እህል የምታስቀምስ አንዲት ቃል ነበረች፤ እሷን ደግሞ እሱ ራሱ ጨርሷታል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን እንዲሁ ዋለ።

በሠልስቱ ከገጠር የእናቱ ወንድም አባባ ይመኑ ደረሱ። ቴሌቪዥን የሌለበት አገር ሰው ናቸው፤ ስለ አይበገሬ ወሬ እንኳ አልሰሙም። አልቅሰው ተቀመጡ፤ የልጁን ከንፈር መድረቅ አዩ፤ እጃቸውን ታጥበው አንድ ጉርሻ ጠቀለሉ። «ልጄ፣ በሞቴ» አሉ።

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ልሳነወርቅ ቀና ብሎ አያቸው።

«አባባ፣ እውነትዎን ነው?»

«የምኔን?»

«በሞቴ ያሉኝን።»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። ጉርሻው በእጃቸው እንዳለ ትክ ብለው አዩት። «በሞት ይቀለዳል እንዴ ልጄ?» አሉ።

ልሳነወርቅ አፉን ከፈተ። ጎረሰ። እያላመጠ አለቀሰ፤ እንባውና ወጡ አንድ ላይ ወረደ። ሳቃቸውን ያፈነዱት ሁለቱ ጎረምሶችም ተነሥተው ወጡ፤ ከድንኳኑ ውጭ አንደኛው ሲያለቅስ ታይቷል ይላሉ።

ወዳጆቼ፣ ሳቅ ክፉ ነው አላልኩም። ሳቅ የሌለበት ቤት እኔም አልገባም። ነገር ግን አንዳንድ ቃል አለ፣ አንድ ሰው ነፍሱን አስይዞ የሚናገረው፣ እናንተም በእሱ የቆማችሁበት። ያን ቃል መሳቂያ ካደረጋችሁት ከሰው አፍ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ከራሳችሁ ጆሮም ይጠፋል። በእውነት የተጠራችሁ ዕለት አትሰሙትም። እናንተ የተራባችሁ ዕለት ደግሞ የሚለምናችሁ ታጣላችሁ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ በእናንተ ቤት «በሞቴ» የሚላችሁ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ የተናገራት መቼ ነው? ዝም ካለ ሰንብቶ ከሆነስ፣ ለምን እንደተወ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ይህንን ታሪክ ለምታውቁት ቀልደኛ ሁሉ ንገሩልኝ። ግን አደራ፣ እያሳቃችሁ አትንገሩት።