የአንድ ጠዋት ሥራ መሪ

በአንድ የሻማ ፋብሪካ አሥር ሠራተኞች ማኅበር መሠረቱ። በሕጉ ከአሥር አንድ ቢጎድል ማኅበሩ አይመዘገብም፤ ባለቤቱም እውቅና እንዲሰጡት አይገደዱም። ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አንዲት ሴት አባላቱን ሊቆጥሩ በመጡ ዕለት፣ ባለቤቱ አቶ ድልነሳው ከአሥሩ አንዱን፣ ሰም አቅላጩን፣ ትከሻውን ይዘው አቀረቡት።

«ይሄ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሥራ መሪ ነው። ሥራ መሪ የእነሱ ማኅበር አባል መሆን አይችልም። ስለዚህ ዘጠኝ ናቸው።»

«ሥራ መሪ የሚባለው እኮ መቅጠር፣ ማዛወርና ማሰናበት ሲችል ነው» አሉ ሴትዮዋ።

«ሙሉ ሥልጣን ሰጥቼዋለሁ! የወሰነውን ሁሉ አጸድቃለሁ።»

ሰም አቅላጩ እጅ ነሳ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እንግዲያው የመጀመሪያ ውሳኔዬን ልናገር። ሠራተኛውን ስመረምር አንድ ጉደኛ አገኘሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ያረፍዳል፤ ምድጃው ሲሞቀው ቆሞ ይተኛል፤ ባለፈው ወር ክር የሌለው ሁለት መቶ ሻማ ሠርቷል። ሰውየው እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ አለቃ ፋብሪካ ያዘጋል። ስለዚህ ከሥራ መሪነት አንስቼ ወደ ሰም ማቅለጡ አዛውሬዋለሁ። እትዬ፣ አሥር ብለው ይጻፉ።»