ያልተጠረገው የአውድማ ጥግ

ከወንዙ ማዶ፣ ከቀዩ ጉብታ ሥር፣ የይመኙሻል አውድማ የሚባል አለ። ማሽላው ተወቅቶ፣ ምርቱ ተነስቶ፣ ገለባው ከተከመረ በኋላ በምሥራቅ በኩል ያለው ጥግ አይጠረግም፤ እዚያ የቀረው ግርድ የጉንዳን ነው። እንግዳ ሰው አይቶ «ስንፍና ነው» ቢለን አንቀየመውም፤ ወገባችንን ይዘን ቆመን ላየን እውነት ይመስላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፣ አባቶች ሲያወሩት እንዲህ ነው።

ድሮ፣ ዘመኑን በትክክል የሚያውቅ የለም፣ ሰማዩ ዝናብ ነፍጎ፣ ከብቱ አልቆ፣ ሰው ሆዱን በመቀነት አስሮ የሚውልበት ክፉ ቀን መጥቶ ነበር ይባላል። ያን ጊዜ በዚህ ጉብታ ሥር ይመኙሻል የምትባል ሴት ከባሏ ከአሊጋዝና ከትንሿ ልጃቸው ከላቀች ጋር ትኖር ነበር። የላቀችን ታላቅ ወንድም ቀብረውታል። ላቀችም ከማልቀስ ደክማ ዝም ካለች ሰንብታለች፤ የልጅ ዝምታ ደግሞ፣ ወልዶ ያየ ያውቀዋል፣ ከለቅሶው ይከፋል።

አሊጋዝ ከጉብታው ላይ ያለውን የጉንዳን ጉድጓድ ሊቆፍር ተነሳ። የቸገረው ሰው ጉንዳን ያጠራቀመውን እህል ቆፍሮ ያወጣ ነበር፤ ሲያወጣም እስከ ሥሩ ጠርጎ ነው እንጂ ለጉንዳን ምን ይተርፋል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ጉልበት የለምና እሱ ሲደክመው ይመኙሻል ዶማውን ትቀበለዋለች፣ እሷ ሲደክማት እሱ ይቀበላታል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ መሬቱን ከፈቱት።

ውስጡ ጉድ ነው! እንደ ሰው ቤት በክፍል በክፍል ተለይቶ፣ በአንዱ ማሽላ፣ በሌላው የሣር ፍሬ ተከምሯል። ራሰ ትልልቆቹ ፍሬውን ይሰብራሉ፣ ቀጫጮቹ ይሸከማሉ፣ ሌሎቹ እብቁን እየጎተቱ ደጅ ይጥላሉ። እህሉ የረጠበባቸው እንደሆነ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ይህንንስ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ ጎተራ ሠራን ብለን እንኩራራ እንጂ! ዶማው ሲያናጋቸው ግን እህሉን ትተው፣ ነጫጭ ጨቅሎቻቸውን በአፋቸው አንጠልጥለው መሸሽ ጀመሩ።

ይመኙሻል የአንዱን ክፍል ማሽላ ዘግና በነጠላዋ ቋጠረች፤ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ዝገኚው እንጂ!» አላት ባሏ።

«ይብቃን። ይህን እንተውላቸው።»

«አበድሽ እንዴ አንቺ ሴት? ልጅሽ እየሞተች ለጉንዳን ታዝኛለሽ?»

«እነሱም ልጅ ይዘው ነው የሚሸሹት፣ አሊጋዝ። ደክሞኛል። የማንንም ልጅ መቅበር ደክሞኛል» አለችና አፈሩን መልሳ አለበሰችው።

አሊጋዝ ዶማውን አነሳ፤ ለመጣላት እንኳ ጉልበት አልነበረውምና መልሶ አስቀመጠው። እንደሚነገረው ላቀች በዚያች እህል ሙቅ ቀምሳ ዓይኗን ገለጠች፤ እህሉ ሲያልቅም በሥራ ሥርና በቅጠል ገፉት። ግን አሊጋዝ የልጁን ክሳት ባየ ቁጥር ወደ ጉብታው ይመለከታል እንጂ ሚስቱን ቀና ብሎ አያያትም ነበር።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ቢመጣስ? ዘሩን ሰው ሁሉ በልቶታል፤ በአገሩ ለዘር የሚሆን ፍሬ ጠፋ። መሬቱ ረጥቦ ባዶውን ሲተኛ ማየት ከድርቁ ይልቅ ያደክም ነበር ይላሉ። አንድ ጠዋት አሊጋዝ ዶማውን ይዞ ወደ ጉብታው ወጣ፤ የቀረውን ክፍል ሊዘርፍ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ አልፈርድበትም። እዚያ ሲደርስ ጉንዳኖቹ የረጠበባቸውን ማሽላ ከጉድጓዱ አፍ አስጥተውታል፤ ቀደም ሲል ከእብቁ ጋር የጣሉት ደግሞ በቅሎ፣ ጥቅጥቅ ያለ ቡቃያ ሆኗል። አሊጋዝ ዶማውን ጥሎ ተቀመጠ፤ ለሞተው ልጁ ያላለቀሰውን ለቅሶ ያን ጊዜ አለቀሰ ይባላል። ኋላም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ይመኙሻል! ነይ እስኪ፣ ያዘንሽላቸው ዘር ሰጡን!» ብሎ ተጣራ።

ቡቃያውን እየነቀሉ በማሳው አዛመቱት፤ ከጎረቤትም ተካፈሉት። ያ ማሽላ ደርሶ የተወቃ ዕለት ይመኙሻል መጥረጊያውን ከባሏ እጅ ተቀብላ የምሥራቁን ጥግ እንዳለ ተወችው። ላቀችም አድጋ ወለደች፤ እኛ ከእሷ ነን።

ዘንድሮ ክረምቱ ቀድሞ ወጣብን፣ ምርታችንም እፍኝ ነው። ምራቴ ልጇን አዝላ፣ መጥረጊያዋን ይዛ እዚያ ጥግ ላይ ቆመችና «አባባ፣ ዘንድሮስ?» አለችኝ። ከወገቤ ጋር ከተኳረፍን ቆይተናል፣ እኔም ደክሞኛል። መጥረጊያውን ተቀብያት ከግርዱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጉንዳኖቹ መጥተው ነበር፤ አንዷ ከራሷ የሚበልጥ ፍሬ ተሸክማ እግሬ ላይ ወጣች። ተሻግራ እስክትወርድ እግሬን አላንቀሳቀስኩም።