በኪሱ ስኳር ይዞ ጓንዡ የሄደ ሰው

ይሄን አባባል በየሻይ ቤቱ ሲያወሩት እሰማለሁ፤ ከየት እንደመጣ ግን አያውቁም። ከእኔ ቤት ነው የወጣው። ሳወራው ስለሚደክመኝ ነው እንጂ ስንቴ በተናገርኩ። ዛሬ እንግዲህ ከጠየቃችሁኝ ስሙ።

ደጀን መውጫ ላይ አሥራ አራት ዓመት ሻይ አፍልቻለሁ። ቻይናዎቹ መንገድ ሊያሰፉ ሲመጡ ቤቴ ላይ የሚፈርስ ተብሎ ቀይ ምልክት ተደረገበት። የት እንገባለን ስንል የቻይናዎቹ ካምፕ ዘበኛ ጋሽ ይርዳው ወሬ ይዞልን መጣ። የካምፑ ወጥ ቤት ኃላፊ፣ ሽማግሌው ሚስተር ያን፣ ያገሩ ሻይ ናፍቆታል አለን፤ ጥሬ ፑኤር የሚሉት፣ ቅጠሉ ተጠፍጥፎ እንደ ድፎ ክብ የሚሆነው። ደህናውን ላመጣለት የካምፑን ሻይ ቤት ሊያሰጥ ቃል ገብቷል።

ባሌ ደስበለው ባጃጁን ሸጠ፣ እኔ የአንገት ወርቄን፤ ቻይና አገር ጓንዡ ድረስ ሄድን።

የሻይ ገበያው ፎቅ ነው፤ ደረጃው አያልቅም። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ዘንድ ተቀመጥን። ሻይዋ በባዶ ነጭ ወረቀት ተጠቅልሏል።

«ቅጠሉ ከመንደሬ ነው፤ ከነዚያ ዛፎች አያቴም ለቅማለች» አለች በአስተርጓሚያችን በኩል። «መጀመሪያ ይመራል። ታገሡት፣ ጣፋጩ ኋላ ከጉሮሮ ይመለሳል።»

እኔ ምንም ሳልጨምርበት ሁለቴ ፉት አልኩት። ደስበለው ቀመሰና ፊቱን ቋጠረ፤ ከኪሱ ካገር ያመጣውን ስኳር አወጣ።

«ኧረ ተው፣ ሰው ምን ይላል?» አልኩት።

«ሻይ ያለ ስኳር የበሽተኛ ነው» ብሎ ሁለት ማንኪያ ጨመረ።

ቀጥሎ ያለው ሱቅ ወረቀቱ ላይ ትልቅ ዛፍ ተስሏል፤ የሺህ ዓመት ዛፍ ይላል አሉን። ዛፉ የት ነው ብዬ ባለሱቁን ባስጠይቀው «ተራራ ላይ» አለ፣ ሌላ የለም። ደስበለው እዚያም ስኳሩን ጨመረ።

«ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ይሄኛው ግን መልክ አለው» ብሎ ባለሥዕሉን ገዛ።

ደረጃውን ስወርድ ያ የአሮጊቷ ምሬት ጉሮሮዬ ላይ ማር ማር አለኝ። እንመለስ ልለው አሰብኩ። እግሬ ዝሎ ነበርና ተውኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ደጀን ስንደርስ ጋሽ ይርዳው ራሱ ሚስተር ያን ዘንድ አስገባን። ሽማግሌው ቀድቶ ቀመሰ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ደግሞ ቀዳ፣ ደግሞ ጠበቀ። እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ «አይመጣም» አለ በተሰባበረ አማርኛው። «መራራ ብቻ። የድሮ ዛፍ አይደለም፤ የሜዳ ቁጥቋጦ ነው።» ጥቅሉን በሁለት እጁ መለሰልኝ። የካምፑ ቤት እንዳመለጠን ያኔ ገባኝ።

«እዚያ ስቀምሰው እኮ ይጣፍጥ ነበር» አለ ደስበለው።

«በስኳር ነው የቀመስከው?» አለው ጋሽ ይርዳው።

«ታዲያ በምን ልቅመሰው?»

ጋሽ ይርዳው እኔን ማየት አፍሮ መሬት መሬቱን እያየ፣ «አይ ልጄ፣ ስኳር የገባበት ሻይ አገሩን አይናገርም» አለ።